እስክትበላ ጠበቅናት

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት በዐቢይ ጾም፣ በአንድ ዓርብ ቀን ነው። ዓርብ መሆኑን የማልረሳው እዚህ ዶሃ እኛ የቤት ሠራተኞች ሰው የምንሆነው ዓርብ ዓርብ ስለሆነ ነው። ሌላው ቀን ሁሉ ተደበላልቆብኛል። ያቺ ዓርብ ግን አልተደባለቀችም።

እኔ ወሬ ማሳመር አላውቅበትም፤ እንዳለ ነው የምናገረው።

ያን ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኜ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም። ዓርብ ከጠዋት እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትለቀኛለች፣ ደሞዜንም በቀኑ ትሰጠኛለች። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ሁለት ወር ስለቀረው «ትቀጥያለሽ ወይስ አገርሽ ትገቢያለሽ?» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እኔም «ኢንሻአላህ» እያልኩ እሸሻታለሁ። በልቤ ግን ቆርጬ ጨርሻለሁ። ገዳም ልገባ ነው።

ለምን ብትሉ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አባቴ ሞቶ ነበር። መሞቱን የሰማሁበትን መንገድ መናገር አለብኝ፤ የኔ ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ረመዳን ነበር። ማድቤት ቆሜ ለኢፍጣር ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። ስልኬ ጮኸ፤ የቤተሰባችን የዋትሳፕ ግሩፕ ነው። ወንድሜ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አባባ ዛሬ ጠዋት ዐርፏል። አደራ፣ አስካለ እንዳትሰማ። ሰው ፈልገን እዚያው እናስረዳታለን።»

አስካለ እኔ ነኝ። ግሩፑ ውስጥ መኖሬን ረስቶት ነው። ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋው። እኔ ግን አንብቤዋለሁ።

መርዶ መቼም በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ቁጭ አድርጎ፣ እህል አፍ አስነክቶ ነው። እነሱም የሚያረዳኝ ሰው ሲፈልጉ ከረሙ። መጀመሪያ እዚህ ያለች አንዲት ዘመዳችንን ለመኗት፤ እሷ ደግሞ ሳትነግረኝ አገር ገባች። ከዚያ የነገረችኝ መሰላቸው። እኔም ማወቄን አልነገርኳቸው። «አባባ እንዴት ነው?» ብዬ አልጠየቅኩም፣ እነሱም አላነሱብኝ። እንዲህ እየተደባበቅን ዓመት አለፈ። ማንም አላረዳኝም።

ያን ዕለት ሳምቡሳውን ጠብሼ ጨረስኩ። እንባ ጠብ አላለኝም። በማግስቱም የለም፣ በወሩም የለም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቻ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ እለብሳለሁ። ከኋላ ጥግ ስለምቀመጥ ልብ ያለኝ ሰው የለም። ሐዘኔ ያቺ ብቻ ነበረች። ሌላው ነገሬ ሁሉ ደነዘዘ። መዝሙሩ አይገባኝ፣ ምግቡ አይጥመኝ፣ ሰው ሲስቅ ምኑ እንዳሳቀው አይታወቀኝ። ጥርስ ሲነቀል ደንዝዞ እንደሚቀር አፍ ሆንኩ።

አንዲት የማኅበራችን ሴት «ዓለም ካልጣመሽ እግዚአብሔር ጠርቶሻል ማለት ነው» አለችኝ። እኔም እውነት መሰለኝ። ሰውም፣ ሥራም፣ አገርም አላስፈልግ ካለኝ ከምናኔ ሌላ ምን ቀረኝ አልኩ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ «ገዳም ልገባ ነው፣ ይባርኩኝ» አልኳቸው።

እሳቸው ሰው ሲናገር ዐይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። የተኙ ይመስላሉ።

«ያልጣመሽ ዓለሙ ብቻ ነው?» አሉኝ።

«ሁሉም ነው አባቴ።»

«ጸሎቱስ?»

«እሱም።»

ዐይናቸውን ገለጡ። «ታዲያ ጥሪ መሆኑን በምን ዐወቅሽ? የተጠራ ሰው ወደ አንድ ነገር ይሄዳል። አንቺ እኮ ከሁሉም ነገር እየሄድሽ ነው።»

ተናደድኩ። መናደዴ ራሱ ገረመኝ፤ ከተናደድኩ ዓመት አልፎኝ ነበር።

አልከለከሉኝም። «እስከ ሆሳዕና ቆዪ» አሉ። «እስከዚያ ትልቅ ነገር አትፈልጊ። ሰው መጥቶ የሚጠይቅሽን የመጀመሪያውን ነገር፣ ብትጠዪውም፣ እሺ በዪ። ከዚያ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

እኔ አዳራሹን ጥረጊ፣ የማኅበሩን ድስት እጠቢ የሚለኝ ሰው የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ድስት ቢሆን ምን ነበረበት!

በሳምንቱ እትዬ ብርቄ ደወለችልኝ። እትዬ ብርቄ የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ ናት፤ ዶሃ ስትመጣ አብዛኞቻችን ገና ተማሪ ቤት ነበርን።

«ሰናይትን ታውቂያታለሽ አይደል?» አለችኝ።

አውቃታለሁ። የወሎ ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አንድ ትልቅ ቤት ልጆች ትይዛለች። ሳቂታ ናት፤ እኔን እንኳ ለማሳቅ የምትሞክር።

እናቷ ሞተዋል። ወር ሆኗቸዋል። ቤተሰቧ «እናትሽ ጸበል ናቸው፣ እዚያ ስልክ አይሠራም» እያለ ሲደብቃት ቆይቶ፣ አሁን ጨንቆት ማኅበሩ ዘንድ ደወለ። ሰናይት በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለዕረፍት አገሯ ትገባለች። እዚህ ካልተረዳች ስጦታዋን ተሸክማ፣ እየሳቀች ከአውሮፕላን ወርዳ በደረቁ ለቅሶ ቤት ልትገባ ነው።

«አንቺ ደግሞ ልብሽ ጠንካራ ነው» አለች እትዬ ብርቄ። «አታለቅሺም። ሁላችንም ካለቀስን ልጅቷን ማን ይይዛታል?»

ድንጋይ ነሽ ማለቷ ነው። ከፋኝ። እምቢ ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ የንስሐ አባቴ ቃል ትዝ አለኝ። «እሺ» አልኩ።

አገር ቤት ቢሆን ሰው የሚረዳው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። እዚህ ጎህ ሳይቀድ በር የምትከፍት ማዳም ከየት ትመጣለች? ስለዚህ ዓርብን ጠበቅን። ቢን ማሕሙድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሰባት ሴቶች ለዓርብ ማረፊያ ብለው በጋራ የተከራዩት አንድ ክፍል አላቸው፤ ሰናይት ከነሱ አንዷ ናት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ እንድትጠብቀን አደረግን። ሌሎቹ ሴቶች ነገሩን ስለሚያውቁ ቤቱን ለቀውልን ሄዱ። ሦስት ሆነን ነው የሄድነው፦ እትዬ ብርቄ፣ ሳሎን የምትሠራው ሮማንና እኔ። እትዬ ብርቄ ትናገራለች፣ እኔና ሮማን እንይዛታለን። ከዚያ በፊት ግን ትበላለች። እንዲያ ተባባልን።

ደረጃው ላይ እትዬ ብርቄ ዞር ብላ አየችኝ። «ኧረ በስመ አብ! ነጠላሽን ምን ነካው? ገና ሳንገባ ልትነግሪያት ነው?»

ለካ እንደለመድኩት ዘቅዝቄ ለብሼ ነው የመጣሁት። ገለበጥኩት። ለምን እንደዚያ እንደለበስኩ አልጠየቀችኝም፤ ዝርክርክ መስዬያት ይሆናል።

ሰናይት ሻንጣዋን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ጠበቀችን። «እንኳን መጣችሁ! አልዘጋ ብሎኝ እኮ፣ እስቲ አንዳችሁ ተቀመጡበት!» ሮማን ተቀመጠችበት። ከሐበሻ ምግብ ቤት ያስመጣነውን ሽሮና ጎመን እትዬ ብርቄ ዘረጋችና «በይ ነይ፣ ብዪ» አለቻት።

«እኔ አሁን አልበላም፤ እናንተ ብሉ» አለች። «እስከ ዘጠኝ ነው የምጾመው።»

ሰዓቱ ገና ስድስት ተኩል ነው።

«አይ፣ ዛሬ እንኳ እንግዳ መጥቶብሽ...» ብላ ጀመረች እትዬ ብርቄ።

«ለእማዬ እኮ ነው። ጸበል ከገባች ጀምሮ በቀን በቀኑ እስከ ዘጠኝ እየጾምኩላት ነው። እስክትድን አልፈታም ብያለሁ።»

ሮማን ሽንት ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችው፤ ውሃው ብዙ ሰዓት ሲወርድ ይሰማል። ወር ሙሉ ለሞተች ሴት መዳን ጾማለች። እኔ ይህን ሰምቼ ምን ተሰማኝ ብትሉኝ፣ ምንም። ኤሲው ከላይ ውሃ ያንጠባጥባል፤ እሱን ነበር የማየው።

ሮማን ዐይኗ ቀልቶ ስትወጣ ወደ መተላለፊያው ወጥተን ተንሾካሾክን። እሷ አሁኑኑ ይነገራት አለች፤ ልጅቷ ለመግሪብ ቤቷ መግባት አለባት። እትዬ ብርቄ ግን አሻፈረኝ አለች። «በባዶ ሆዷ አላረዳትም። እናቷ ይታዘቡኛል።»

ስለዚህ ጠበቅን። ሁለት ሰዓት ተኩል! ስለ ሻንጣ ኪሎ አወራን፤ ስለ ሰናይት ማዳም ድመት አወራን። እትዬ ብርቄ የማያስቀው ነገር ሁሉ ያስቃት ጀመር። ሰናይት አንድ ጊዜ «ዛሬ ምን ነክቷችኋል? ሁላችሁም ደግ ሆናችሁብኝ!» አለች።

ከጎን ካለው መስጊድ የዐስር ሰላት አዛን ተሰማ። ሰናይት ብድግ አለች። እሷ ሰዓት አታይም፤ አዛኑ ነው ዘጠኝ መሙላቱን የሚነግራት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አማተበች። «እማዬን ማርልኝ» ስትል ሰማናት። ከዚያ እጇን ታጥባ መጣችና በላች። እኛ እያንዳንዷን ጉርሻ እናያለን። ለእኔም አጎረሰችኝ። ዋጥኩት።

በልታ ስትጨርስ እትዬ ብርቄ ጉሮሮዋን ጠረገች። ልትጀምር ነው ብዬ ወደ ሰናይት ተጠጋሁ። ሴትዮዋ ግን «ሻይ የለም እንዴ?» አለች። ሻይ ተፈላ። ሻዩም አለቀ። አሁንም ጉሮሮዋን ጠረገች።

ይሄኔ ሰናይት ከሻንጣው አንድ ካርቶን አወጣች። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ተረከዝ የሌለው የቆዳ ጫማ ነው። «ለእማዬ ነው» አለች። «እግሯ ያብጣል፤ ይጠባት ይሆን እያልኩ ነው። እትዬ አስካለ፣ የአንቺ እግር የእሷን ያህላል። እስቲ ለኪልኝ።»

ምን ይባላል? ለካሁት። ተነስቼ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ልኬ ነው።

«ልክ ነው!» ብላ አጨበጨበች። «ገና ሳይሽ ዐውቄያለሁ!»

ጎንበስ ስል ነጠላዬ ከትከሻዬ ወድቆ ነበር። አነሳሁና ተከናነብኩት። እጄ ዓመት ሙሉ የለመደውን ነው ያደረገው፤ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጦ አንገቴ ላይ አደረገው። እኔ ልብም አላልኩ። ሰናይት ግን አየችው። ሳቋ ጠፋ።

«እትዬ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

እትዬ ብርቄ ዐይኗን ጨፈነች። ተሳስቼ ነው ማለት እችል ነበር። ለማለትም አሰብኩ። ግን «አባቴ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«መቼ?»

«ዓመት አልፎታል።»

«ማን አረዳሽ?»

«ማንም። ከስልክ ላይ አነበብኩት።»

«ማንም? ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረሽም? አላለቀሱልሽም?»

«የለም» አልኩ።

ተነሳችና ሁለት እጄን ያዘች። ፍራሹ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ጫማው እግሬ ላይ ነው። ፊቴ ተንበረከከች። «እትዬ አስካለ፣ አባትሽ ዐርፈዋል። እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። ወግ አድርሳ አረዳችኝ። ከዚያ ለማታውቀው አባቴ እዬዬ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ሮማን ከስድስት ተኩል ጀምሮ አፍና የያዘችው ገነፈለ። እትዬ ብርቄ ደረቷን መታች። ሦስቱም ተያይዘው አለቀሱ። ለአባቴ ራሱ ቀዬው ላይ እንኳ እንደዚያ ተለቅሶለት እንደሆነ እንጃ። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ፣ የሞተች ሴት ጫማ አድርጌ፣ በደረቅ ዐይኔ አያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አየሁ። እነ እትዬ ብርቄ የሚያለቅሱት ለአባቴ ነው፤ የሚያዩት ግን ሰናይትን ነው።

ሰናይትም ይህን አየች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወደ ሮማን ዞረች። ወደ እትዬ ብርቄ ዞረች። ያልተነካውን የእኛን ምግብ አየች፣ ጫማውን አየች። እጄን እንደያዘች ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ለአባትሽ ነው?»

ልትናገር የመጣችው እትዬ ብርቄ ነበረች። አፏ ተሳስሯል። የሮማንን ተዉት። ድምፅ ሰማሁ፣ ብርሃን አየሁ አልልም፤ አንዱም አልነበረም። አፉን መክፈት የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ልጅቷም የያዘችው የኔን እጅ ነው። ሌላ ምንም አልነበረም።

«አይደለም የኔ ልጅ» አልኩ። «ለእናትሽም ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልናገርም። የተረዳ ሰው ያውቀዋል። ጎረቤት ያሉ ፊሊፒኖች ውሃ ይዘው ሮጠው መጡ። ሮማን ለሰናይት ማዳም ደወለች፤ ማዳሟም አላህ ይርሐማት ብላ፣ እስክትረጋጋ አትቸኩሉ፣ ሾፌር እልካለሁ አለች። እኔ ልጅቷን እስኪመሽ ይዤ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን በጥርሷ ይዛ ነበር የምታለቅሰው። አልሸሸሁም። ለመሸሽም አላሰብኩም።

የበረራዋ ቀን ሲደርስ ጥቁር ለብሳ አገሯ ገባች። ለቅሶዋን አውቃ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ጫማውን ለእኔ ላከችልኝ። «እማዬ ጫማ ሳይደረግ ሲቀመጥ አትወድም፤ አንቺ አድርጊው» ብላ።

ለሆሳዕና የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው።

«አለቀስሽ?» አሉኝ።

«አላለቀስኩም።»

«ጣመሽ?»

«ኧረ ምኑ ይጥማል አባቴ!»

ፈገግ አሉ። «ገዳሙ እንደሆነ የትም አይሄድ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። በቃ። ትልቅ ቃል ጠብቄ ነበር፤ የለም። ቤት ገብቼ ማዳምን እቀጥላለሁ አልኳት። «ኸላስ፣ ቆረጥሽ?» አለች። «ኸላስ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ መርዶ በመጣ ቁጥር የሚፈለገው ሰው እኔ ሆንኩ። ሌላዋ ትዘምራለች፣ ሌላዋ ታነጥፋለች፣ የኔ ይሄ ነው። አሁን ሴቶቹ ይፈሩኛል። መንሱራ ሰፈር አንድ ክርስትና ተጠርቼ ሄጄ፣ የልጁ እናት በር ላይ ስታየኝ የያዘችውን ብርጭቆ ጣለች። ስለዚህ ሰው ቤት ስሄድ ከደረጃው ጀምሬ እጮኻለሁ፦ «በደህና ነው! በደህና ነው የመጣሁት!» ይስቃሉ። አንዳንዴ እኔም እስቃለሁ።

አልዋሽም፣ ድንዛዜው አልለቀቀኝም። ለአባቴ ዛሬም አላለቀስኩም። አንዳንዴ አረድቼ በሜትሮ ስመለስ የምወርድበትን ጣቢያ አልፌው እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ጠርቶኛል አልጠራኝም እያልኩ መጠየቁን ግን ትቻለሁ። ሰው ና ሲለኝ እሄዳለሁ። ጫማውን አንድ ጊዜ ሶል አስቀይሬዋለሁ።

ሰናይት ባለፈው ዓመት በሌላ ኮንትራት ተመልሳ መጣች። አሁን ለመርዶ ስሄድ አብራኝ ትሄዳለች፤ ምግቡን የምትይዘው እሷ ናት። እናቴ በሕይወት አለች፤ ግን አርጅታለች፣ ዘንድሮ ከአልጋ አልወረደችም። ሰናይት ሳትነግረኝ የወንድሜን ስልክ ፈልጋ አግኝታ «ምንም ነገር ቢመጣ ግሩፕ ላይ እንዳትጽፍ፤ ለኔ ደውል» ብላዋለች። ወንድሜ ነው የነገረኝ።

እንግዲህ አንድ ቀን ሰናይት ሳትደውል፣ ዓርብ ባልሆነ ቀን፣ የማዳሜ በር ላይ ብትቆም ምን ይዛ እንደመጣች አውቃለሁ። በባዶ ሆዴ እንደማትነግረኝም አውቃለሁ።